ጂ ፕላስ ቱ

እናቴ ደወለች። ሰላምታዋ ሁልጊዜም ረጅም ነው። የዚያን ቀን ግን እኔን፣ ልጄን፣ ባለቤቴንና የሜሪላንድን ብርድ ጠይቃ ስትጨርስ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«ሰማሁ እኮ» አለችኝ።

«ምን ሰማሽ እማዬ?»

«ፎቅ እየሠራህ ነው አሉ። በጡብ ነው አሉ፤ ብሎኬት አልፈልግም ብለህ። ለእናት አይነገርም?»

ጥፋቱ የእኔው ነው። ከሳምንት በፊት የአክስቴ ልጅ ደውሎ ምን ይዤ እንደጠፋሁ ሲጠይቀኝ፣ «አንዲት ጂ ፕላስ ቱ ጀምሬ ግድግዳው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ጡቡ ጠፋ፤ የተገኘውም ዋጋው አይቀመስም» ብዬው ነበር። ቀልዴ ይገባዋል ብዬ። ቀልድ ደግሞ ውቅያኖስ ሲሻገር ጠባዩ ይለወጣል። የእኔው ከሲልቨር ስፕሪንግ ቀልድ ሆኖ ተነስቶ አዲስ አበባ ዜና ሆኖ አረፈ።

ቢሆንም አልዋሸሁም። ቤቱ ጂ ፕላስ ቱ ነው፤ ከታች አትክልት መሸጫ፣ ከላይ ሁለት ፎቅ መኖሪያ። ጡቡም የምር ጠፍቷል። ለአክስቴ ልጅ ሳልነግረው የቀረሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቦታው ስፋት 655 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ሌጎ ነው። የቆመውም ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ የባለቤቴ የአበባ ማስቀመጫ በነበረበት ጠረጴዛ ላይ ነው።

ሌጎን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ልጅ ያለበት ቤት እንግዳ ሆኖ ይደርና ሌሊት መብራት ሳያበራ በባዶ እግሩ ወደ መታጠቢያ ቤት ይሂድ። ያውቀዋል።

ነገሩ የጀመረው ልጄ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሞልቶት መጫወቻዎቹን በካርቶን አሽጎ «ለሰው ስጥልኝ» ያለኝ ዕለት ነው። ከመስጠቴ በፊት ልለያቸው ተቀመጥኩ። ስለይ፣ ስለይ፣ ይህ ቁራጭ ከየትኛው ቤት የወጣ ይሆን እያልኩ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ፣ አንድ ፎቶ ፊቴ ድቅን አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ፣ ቁጥሩ 10185፣ «ግሪን ግሮሰር» የሚባል፣ 2,352 ቁራጭ ያለው ሕንፃ። ቀለሙን ሳይ እጄ ቀዝቅዞ ቀረ። ባለሙያዎቹ «ሳንድ ግሪን» ይሉታል፤ እኔ ፀሐይ የጠገበ አረንጓዴ እለዋለሁ። ልጅ ሆኜ ዘይትና ስኳር የምላክበት፣ «ዱቤ የለም» የሚል ካርቶን የተሰቀለበት፣ ዱቤ ግን የማይጠፋበት የሰፈራችን ሱቅ በር ልክ ይህንኑ ይመስል ነበር። ዴንማርክ የተቀመጠ ሰው የእኛን ሰፈር የሱቅ በር ከየት አየው?

ስሙ ግን ጣጣ አመጣብኝ። አንድ ወዳጄ ምን እየሠራሁ እንደሆነ ጠይቆኝ «ግሪን ግሮሰር» ስለው ዓይኑ በራ። «ግሮሰሪ? ቢራው ድራፍት ነው የጠርሙስ?» አለኝ። የአትክልት መሸጫ መሆኑን ሳስረዳው የተሰማውን ሐዘን እስካሁን አልረሳሁትም።

ዕቃው ሲወጣ ዋጋው 149 ዶላር ከ99 ሳንቲም ነበር። ያን ጊዜ ልጄ አልተወለደም፤ እኔም ዐርባ ሊሞላኝ የተቃረበ፣ በአሻንጉሊት ሱቅ በር ቀና ብዬ የማልፍ የተከበርኩ ሰው ነበርኩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፋብሪካው ይህን ሕንፃ ማምረት አቆመ። ፋብሪካው ሲያቆም ደግሞ ገበያው ይጀምራል። ያልተከፈተ ሳጥን ዛሬ በስንት እጥፍ እንደሚሸጥ እዚህ አልጽፍም፤ ባለቤቴ ይህን ጽሑፍ ታነበዋለች።

ሳጥኑን መግዛት ካልተቻለ ምን ቀረ? ቁራጭ በቁራጭ መልቀም። አሠራሩ ለቅርጫ አገር ሰው ለመረዳት አይከብድም። አንዱ ሙሉውን በሬ፣ ማለቴ ሙሉውን ሳጥን ይገዛል። ይፈታውና መስኮቱን ለብቻ፣ በሩን ለብቻ፣ ቲማቲሟን ለብቻ አድርጎ ይሸጣል። ይህ ሁሉ የሚገናኝበት ትልቁ ገበያ ብሪክሊንክ ይባላል። በ2000 አንድ ዳንኤል ዬዜክ የሚባል የሌጎ ወዳጅ የጀመረው ነው፤ በ2019 ራሱ የሌጎ ኩባንያ ገዛው። የዓለም ቆራሊዮዎች ሁሉ አንድ አደባባይ ላይ ተሰብስበው፣ ጆንያቸውን አስቀምጠው፣ ያላቸውን ቆጥረው የጻፉበት መዝገብ ነው ብትሉ ብዙ አልተሳሳታችሁም። የቤቱን ፕላን ኩባንያው በነፃ ያድላል፤ ከድረ ገጹ ታወርዳላችሁ። የሚያስፈልጓችሁን ቁራጮች ትዘረዝራላችሁ። ከዚያ ዕንባችሁን ታዘጋጃላችሁ።

እያንዳንዱ ቁራጭ ቁጥር አለው፤ በሆዱ በኩል በጥቃቅን አኃዝ ተቀርጿል። ስምንት ጉብታ ያለው የታወቀው ጡብ 3001 ነው። ባለ አንድ ጉብታዋ ትንሿ ጡብ 3005 ናት። አሁን የባንክ ሒሳቤን ቁጥር በቃሌ አላውቀውም፤ 3005ን ግን ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ አልስትም። ቁጥሩ ባልከፋ፤ ቀለሙ ነው ሰው የሚያሳብደው። ኩባንያው ለቀለሞቹ አንድ ስም አለው፣ ገበያው ሌላ። የኛን የገብስ ቆሎ የምትመስለውን ቀለም ገበያው «ታን» ሲላት ኩባንያው «ብሪክ የሎ» ይላታል፤ የጡብ ቢጫ። ቢጫ ጡብ ፈልጌ የጡብ ቢጫ ያዘዝኩበት ቀን አለ። ዐርባ ፍሬ።

ከዚህ የከፋው ግራጫው ነው። እስከ 2004 አካባቢ ድረስ የሌጎ ግራጫ ሞቅ ያለ፣ አመድ የሚመስል ነበር። ከዚያ ኩባንያው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀዝቃዛ ግራጫ አደረገው። የቀድሞውን የሚወዱ ሰዎች እስከ ዛሬ አላኮረፉም ማለት አይቻልም። እኔ ይህ ሁሉ ታሪክ ከመድረሴ በፊት ያለቀ መስሎኝ «ግራጫ ግራጫ ነው» ብዬ ለእግረኛ መንገዱ የሚሆን ንጣፍ ከሁለት ሻጭ አዘዝኩ። ሲመጣ ገሚሱ ያረጀው፣ ገሚሱ አዲሱ ግራጫ ሆነ። ጎን ለጎን ሳደርጋቸው አንዱ ክፍለ ከተማ ኮብልስቶኑን አንጥፎ የጨረሰ፣ ሌላው በጀት ያለቀበት መሰለ።

ስለ መላኪያ ክፍያው ደግሞ ላውራ፤ ሆዴ ውስጥ ከሚቀር። አንዲት ቁራጭ ስምንት ሳንቲም ናት። መላኪያዋ አራት ዶላር ነው። ሻጩ ደግሞ ዝቅተኛ ግዢ አለው፤ ከዐሥር ዶላር በታች አይሸጥልኝም። ስለዚህ የስምንት ሳንቲሟን ቁራጭ ለማግኘት የዘጠኝ ዶላር ከዘጠና ሁለት ሳንቲም የማልፈልገውን ዕቃ እገዛለሁ። የማልፈልገው ዕቃ ሲጠራቀም ደግሞ ወደ ሌላ ቤት የሚያመራ ሐሳብ ያመጣል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ከሠላሳ አንድ ሻጭ ገዛሁ፤ ከጀርመን፣ ከፖላንድ፣ ከኔዘርላንድስ፣ ከኦሃዮ። ፖስተኛችን መጀመሪያ ሰላም ይለኝ ነበር፤ ኋላ ላይ በሐዘኔታ ያየኝ ጀመር። ወጪውን ለባለቤቴ የነገርኳት በክፍል በክፍል ነው፤ እንደ ተከታታይ ድራማ፤ አንዳንዱን ክፍል ሳላስተላልፍ።

ያገለገለ ቁራጭ ሲመጣ ይታጠባል። ከ40 ዲግሪ በላይ የሞቀ ውኃ ሊያጣምመው ይችላል፤ ስለዚህ ትራስ ልብስ ውስጥ ከትቼ፣ አፉን አስሬ፣ ለብ ባለ ውኃ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ እጨምረዋለሁ። ድምፁ ጠጠር የጫነ ሲኖትራክ ቁልቁለት ሲወርድ ነው። ከታጠበ በኋላ ሰፌድ ላይ ይሰጣል። ሰፌዱ የባለቤቴ እናት ከጎንደር የላኩልን ነው፤ ለግድግዳ ጌጥ ተሰቅሎ ዓመታት ቆይቶ እኔ ሥራ ሰጠሁት። ምስር እንደሚለቅም ሰው ጎንበስ ብዬ ያረጀውን ግራጫ ከአዲሱ፣ የነጣውን ከደበዘዘው እለቅማለሁ። ማንፈስ የማውቅ ቢሆን ኖሮ ደግሞ አነፍሰው ነበር። አንድ ቀን ቶሎ ልጨርስ ብዬ ሰፌዱን ሳነሳ ዘነበለና ሙሉው ወለሉ ላይ ተበተነ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን የተናገረው ሰው ሌጎ አልነበረውም፤ ግን ያውቅ ነበር።

ጥቃቅኖቹን በሲኒ ነው የማስቀምጣቸው። ነበር ልበል፤ አሁን ተከልክያለሁ። ማኅበር ቤታችን የወጣ ዕለት ቡናው ተፈልቶ፣ ሁለተኛው ተቀድቶ፣ አንዲት የተከበሩ እናት ሲኒያቸውን አጋምሰው ምላሳቸው ላይ አንድ ነገር አገኙ። አወጡት፤ በመዳፋቸው ላይ አዩት። ክብ፣ ብርቱካን ቀለም፣ ባለ አንድ ጉብታ። «ይህ ደግሞ የየት አገር ቡና ነው?» አሉ።

አንዳንዱ ቁራጭ ላይ የጥርስ ምልክት አለ። የተጣበቁ ጡቦችን ለመለየት ኩባንያው የራሱ መሣሪያ አለው፤ ልጆች ግን ጥርስ አላቸው። ከጀርመን በመጣ አንድ አረንጓዴ ጡብ ጠርዝ ላይ ሁለት ትናንሽ ስርጉድ አገኘሁ። የዛሬ ስንት ዓመት የነከሰው ልጅ አሁን ጢም አውጥቶ ይሆናል። ጡቡን ወደ ውስጥ አዙሬ ገጠምኩት፤ ማንም አያየውም፤ እኔ ግን የት እንዳለ አውቃለሁ። ይህን ለልጄ ስነግረው «ዳዲ፣ ያስፈራል» አለኝ።

ልጄ ሌላም ነገር ብሎኛል። «አንተ የምትሠራው መጫወት አይደለም፤ ሥራ ነው።» እውነቱን ነው። ባለ ስምንት ጉብታ ጡቦች ስድስት ብቻ ቢኖሯችሁ፣ አንድ ዓይነት ቀለም እንኳ ቢሆኑ፣ በ915,103,765 መንገድ ልትገጣጥሟቸው ትችላላችሁ፤ የሒሳብ ሰዎች ቆጥረውታል። በስድስት ጡብ! እኔ 2,352 ቁራጭ ይዤ በአንዲት መንገድ ብቻ ካልተገጣጠሙ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። «ሌጎ» የሚለው ስም ራሱ «ላይ ጎት» ከሚል የዴንማርክ ቃል የመጣ ነው፤ «በደንብ ተጫወት» ማለት ነው። ኦሌ ኪርክ ክርስቲያንሰን የሚባል የቢሉንድ አናጢ እ.ኤ.አ. በ1932 የእንጨት አሻንጉሊት መሥራት ሲጀምር እኔን የመሰለ ደንበኛ አላሰበም።

ወሬው አዲስ አበባ ከገባ ከሁለት ወር በኋላ አጎቴ ለልጅ ልጃቸው ምረቃ መጡ። ጋሼ በሕይወታቸው ሁለት ነገር ይወዳሉ፤ የልጅ ልጆቻቸውንና ቮልሳቸውን። ቅደም ተከተሉን አልነግራችሁም። ገና ጃኬታቸውን ሳያወልቁ፣

«እስቲ ሳይቱን አሳየኝ» አሉ።

ወደ ሳሎን መራኋቸው። ጠረጴዛውን አሳየኋቸው። አዩት። እኔን አዩኝ። መልሰው አዩት።

«ይህ ነው?»

«ይህ ነው ጋሼ።»

«ለዚህ ነው እናትህ ቤተ ክርስቲያን ስዕለት የገባችው?»

ላብራራ ሞከርኩ። ማምረት እንደቆሙ፣ ሙሉው እንደማይገኝ፣ ገዝተው እየፈቱ ቁራጩን ለየብቻ እንደሚሸጡት። እዚህ ላይ ስደርስ ጋሼ እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ። ሙሉውን ገዝተው ያርዱታል?»

«ያርዱታል።»

«አንተ ከየታረደው ትለቅማለህ?»

«እለቅማለሁ።»

«ሶማሌ ተራ በለኛ!» ብለው ወንበር ሳቡ።

ከዚያ በኋላ የተማሪዋ ምረቃ ተረሳ። የጋሼ ቮልስ በሩ ከአንድ መኪና፣ ሞተሩ ከሌላ፣ ኮፈኑ ከሦስተኛ ነው። ከመጀመሪያው መኪና የቀሩት መሪውና ሊብሬው ናቸው። ሊብሬው ላይ ነጭ ይላል፤ መኪናው ሰማያዊ ነው። የመጨረሻው ቮልስ በ2003 ሜክሲኮ ከሚገኝ ፋብሪካ ሲወጣ ሬዲዮ የነገራቸውን ቀን ጋሼ እንደ መርዶ ነው የሚያነሱት። ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን ለእሳቸው የመለዋወጫ ዘመን ነው። ጠዋት ሶማሌ ተራ፣ ካጡ ምናለሽ ተራ፣ ካጡ እንደገና ሶማሌ ተራ። አንዲት የበር እጀታ ሰባት ወር ፈልገው ሲያገኟት ለማክበር አንድ ሳምንት በሩን በከንቱ ሲከፍቱና ሲዘጉ ሰፈሩ ያውቃል።

«የ1958ቱ ጡብ ከዛሬው ጋር ይገጥማል» ስላቸው አላመኑም። የዛሬው ጡብ ሆድ ውስጥ ያሉት ቱቦዎች የፈጠራ መብት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 28 ቀን 1958 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ልኩ አልተለወጠም። ጋሼ ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ሲያበቁ «ጀርመኖቹ እንዲህ ቢያደርጉ ኖሮ ጸጉሬ አይሸብትም ነበር» አሉ።

ቀጥለው የባለሙያ ጥያቄ ጠየቁ። «ዕቃው ኦሪጅናል ነው?»

እያንዳንዱ ጉብታ ላይ የኩባንያው ስም እንደተቀረጸ አሳየኋቸው። አራቱም ፊደል፤ በጣም ደቃቃ። መነጽራቸውን አወጡ። አልበቃቸውም፤ የስልካቸውን መብራት አበሩ። ሕንፃው ፎቅ በፎቅ እየተነሳ እንዲታይ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ጣራውን አንስቼ ሰጠኋቸው፤ ሁለተኛውን ፎቅ አንስቼ ሰጠኋቸው። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ምሳ ቀርቧል አለች። ሕንፃው እኮ ያን ዕለት ጠዋት ነበር ያለቀው፤ የመጨረሻዋ ቁራጭ ከኦሃዮ ደርሳ።

«ይቺ ፎርጅድ ናት» አሉ ጋሼ።

«የትኛዋ?»

ሁለተኛው ፎቅ፣ የጀርባ ግድግዳ፣ ከታች ሦስተኛው ረድፍ፤ ረዘም ያለች ፀሐይ የጠገበች አረንጓዴ ጡብ። ከላይዋ ያለውን አነሳን። ጉብታዎቿ ላይ ምንም አልተጻፈም። ቀለሟ ልክ፣ ልኳ ልክ፣ ስሟ የለም። ከየትኛው ሻጭ እንደመጣች እንኳ ለማወቅ አይቻልም። ሠላሳ አንድ ናቸው።

«ምንም አይደል፤ ከጀርባ ናት። ማን ያያታል?» አልኩ።

«እኔ አየኋት አይደል? አውጣት።»

አወጣኋት። ጋሼ በመዳፋቸው አገላበጧት። «ሶማሌ ተራ ቢሆን እስካሁን ከሰውየው ጋር ተጣልተን፣ ታርቀን፣ ሻይ ጠጥተን ነበር። ይህ ኢንተርኔት የምትሉት ገበያ መጣላት እንኳ አያስችልም» አሉና ኪሳቸው ከተቷት። ማስረጃ ትሁን ብለው ነው መሰለኝ፤ አልጠየቅኳቸውም።

ጋሼ ከተመለሱ ሦስት ሳምንት ሆናቸው። ያቺን ጡብ በዚያ ርዝመትና በዚያ ቀለም፣ በምችለው ዋጋ፣ ወደ አሜሪካ በሚልክ ሻጭ እጅ አላገኘኋትም። አንድ ቦታ አለች፤ ዝቅተኛ ግዢው ሃምሳ ዶላር ነው። የጀርባ ግድግዳዬ ላይ ጥርሷ የወለቀ ልጅ ስትስቅ የሚመስል ክፍተት አለ። የሕንፃውን ጀርባ ወደ ግድግዳ አዙሬ አስቀምጬዋለሁ፤ ማታ ማታ ግን ሄጄ አየዋለሁ።

ትናንት እናቴ ደወለች። ደስታዋ ከስልኩ ይፈሳል።

«ጋሼህ ነገሩን እኮ! በዓይኔ አይቼዋለሁ አሉ። ሥራው ንጹሕ ነው፣ ዕቃው ከአንዲት በቀር ኦሪጅናል ነው፣ እንዲህ የተጠነቀቀ ሰው አላየሁም አሉ።»

«ሌላስ ምን አሉሽ?»

«ምን ይላሉ? ተመሰጋገንን። ምርቃቱ መቼ ነው?»

መጠኑን አልጠየቀቻቸውም፤ እሳቸውም አልነገሯትም። አሁን እኔ እንዴት ብዬ ልጀምር? ስዕለቱ ገብቷል።

«አንድ ጡብ ብቻ ቀርታኛለች እማዬ።»

«አንድ?»

«አንድ።»

ዝም አለች። ከዚያ ልጅ ሆኜ ከሱቅ የዘይቱን ጠርሙስ ባዶውን ይዤ ስመለስ በምትጠቀምበት ድምፅ፣

«ለአንዲት ጡብ ነው እንዴ ይህን ሁሉ ጊዜ የቆምከው? ምነው ከጎረቤት ብትበደር?» አለችኝ።

ጎረቤታችን የሰባት ዓመት ወንድ ልጅ አላት። እንዴት እስካሁን አላሰብኩትም?